ባለ ሁለት ዓይኑ ወንጀለኛ

በደጋ ዳሞት፣ በተለይም በፈረስ ቤትና በዙሪያዋ ባሉት አጥቢያዎች ያደገ የእኔ ዘመን ልጅ፣ ፊደል ከመቁጠሩ አስቀድሞ ሥዕል ማንበብ ይማር ነበር፤ በሰንበትና በክብረ በዓል ቀን እናቱን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ ዓይኑን የሚያሳርፈው በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ከላይ እስከ ታች በተርታ በተሣለው የጻድቃንና የኃጥኣን ታሪክ ላይ ነበርና። ዛሬ ኮሚክስ የሚባለው የሥዕል ታሪክ ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር መስሎ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ወደዚያ ግድግዳ ይሄዳል። ታሪክን በክፍል በክፍል ከፍሎ መሣል፣ ከሥሩ በአጭር ጽሕፈት መተርጐም፣ ተመልካቹንም ከአንዱ ሥዕል ወደ ቀጣዩ እየመሩ እስከ ፍጻሜው ማድረስ ለአገራችን ሠዓልያን የቆየ ሙያ ነው። የንግሥተ ሳባን ጉዞ ከዘንዶው መገደል ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ በ44 ክፍል አድርገው በሸራ ላይ የሚሥሉት የአዲስ አበባ ሠዓልያንም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ከግድግዳው ሥዕል ሁሉ እኔን አብልጦ ይይዘኝ የነበረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ኪዳነ ምሕረት በምትከበርበት በየካቲት 16 ቀን ከተአምረ ማርያም የሚነበበውን ይህን ታሪክ፣ በአምልኮ ዓይን ብቻ ሳይሆን በወንጀል ታሪክ ወዳጅ ዓይን ላየው ሰው፣ እርሱን የሚያህል የወንጀል ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል፤ የቅምር አገር ሰው የሆነ አንድ ሰው ከቤተ ሰቡና ከወዳጆቹ ጀምሮ 78 ነፍስ በልቶ ሲያበቃ፣ በመንገድ ላይ በውኃ ጥም የተቃጠለ ድውይ ያገኛል፤ ድውዩ በሌላው ሁሉ ስም ለምኖ እንቢ ከተባለ በኋላ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ያጠጣዋል፤ በመጨረሻም ነፍሱ ለፍርድ ቀርባ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያች ጥርኝ ውኃ በሌላ ወገን ሆነው በሚዛን ይመዘናሉ። ወንጀሉ ተቈጥሯል፤ ምስክሩ ቀርቧል፤ ፍርዱ ግን ተመልካቹ በጠበቀው መንገድ አይሄድም።

በቤተ ክርስቲያናችን የአሣሣል ልማድ ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣንና የክፋት ሰው ግን በጐን ስለሚሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ውስጥ ማን ክፉ እንደ ሆነ ለመለየት ሕፃን ልጅ እንኳ ጥያቄ አያስፈልገውም ነበር። የእኛ አጥቢያ ሠዓሊ ግን በላዔ ሰብእን ሲበላ በጐን በአንድ ዓይን ሥሎት፣ ውኃውን በሚያፈስበት ክፍል ወደ እኛ አዙሮ ሁለተኛውን ዓይኑን ሰጥቶት ነበር። ይህን ያሳየችኝ እናቴ ናት፤ በነጠላዋ ጫፍ ተሸፍና፣ ጣቷን ሳትቀስር፣ በአገጯ ብቻ እያመለከተች፦ «አየህ፣ እዚህ ላይ አየን» አለችኝ። በኋላ በልብ ወለድ፣ በዘፈንና በቴሌቪዥን የወደድሁትንና ያልወደድሁትን ስመረምር፣ ሚዛኔን ከዚያ ግድግዳ የወሰድሁት ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በደለኛውን በሁለት ዓይኑ ሊያሳየኝ የደፈረ ደራሲ ወዳጄ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በጐን ሥሎ የሚያቀርብልኝን ግን ምንም ያህል ቋንቋው ቢያምር እስከ መጨረሻው አልከተለውም።

መጻሕፍት ወደ እኛ አገር በብዛት የገቡት ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ አባወራና እመቤት፣ ሽማግሌና ኮረዳ ሳይለይ በየጥላው ሥር ተቀምጦ ፊደል ሲቈጥር ከቈየ በኋላ፣ ያነበበው ሰው ዳግመኛ እንዳይረሳ ተብሎ በየቦታው ንባብ ቤት ተቋቋመ። በንባብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የእርሻ፣ የጤናና የፖለቲካ ትምህርት ነበር፤ ሰው ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ፣ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ እየለበደ፣ በኩራዝ ብርሃን የሚያነበው ግን ልብ ወለድ ነበር። ያነብብ የነበረውም ለብቻው አልነበረም፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ያልገባው ያስደግማል፣ የገባው ደግሞ ይፈርዳል።

የመስማቱን ልማድ ያጸናው ሬዲዮ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅቱ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ሲያስተላልፍ፣ ሬዲዮ ባለበት ቤት ሁሉ መደቡም ደጃፉም በሰው ይሞላ ነበር። የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ባለቤቱ ከጠዋት ጀምሮ በፀሐይ ላይ አስጥቶ ያሞቀዋል፤ ለዚያች ሰዓት ብቻ እንዲበቃው ቀኑን ሙሉ ዜናም ዘፈንም ሳይከፍት ይውላል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ የጎጃም መጽሐፍ ነው፤ የበዛብህ ወላጆች የሚኖሩባት ማንኩሳም ከፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ያለች፣ ሰዎቿ ወደ ገበያችን የሚወጡ አገር ናት። የማንኩሳ ነጋዴ በርበሬውን ገና ከአህያው ሳያራግፍ፣ «የቦጋለ መብራቱ ዘመድ ከእናንተ ዘንድ አለ ወይ?» ብለው በፍጹም ቁም ነገር የሚጠይቁት ሴቶች ነበሩ፤ ነጋዴውም እንደ ቤተ ዘመድ ጉዳይ ቈጥሮ በአክብሮት ይመልስላቸው ነበር።

ስለ ፍቅሩ ብዙ ሰው ብዙ ጽፏል፤ እኔ ግን በዚያ መጽሐፍ የምወደው ፊታውራሪ መሸሻን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የጨቋኝ ባላባት ምሳሌ አድርገው በጐን ሊሥሉት ይችሉ ነበር፤ ጊዜውም ሥዕሉም ይፈቅድላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ፊታውራሪውን ከነግርማው፣ ከነፍርሃቱ፣ ከነጉራው ወደ እኛ አዙረው አሳዩን፤ ስለዚህ ባላባት ያስለቀሰው ጭሰኛ ሁሉ በሬዲዮው ዙሪያ ተቀምጦ በፊታውራሪ መሸሻ ስቋል፣ ውርደቱም ሲደርስ አዝኖለታል። የወጋየሁም ድምፅ ለዚህ የተፈጠረ ነበር፤ ለገበሬው አንድ፣ ለመኰንኑ አንድ፣ ለባሕታዊው አንድ ድምፅ እየሰጠ፣ ለበዳዩም ከተበዳዩ ያላነሰ ትንፋሽ ያድለዋል። በአማርኛ መጽሐፍ ያነበቡ ድምፆችን ሁሉ ሰምቼ ከእርሱ በላይ የማስቀምጠው የለኝም።

ወደ ወንጀል ልብ ወለድ የገባሁት በየኔታ በኩል ነው። የኔታ ቅኔ ያስቈጠሩ፣ ድጓ የዘለቁ መምህር ሲሆኑ ዓይናቸው ስለ ደከመ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እየሄድሁ አነብብላቸው ነበር። መጀመሪያ ዳዊትና ስንክሳር ነበር፤ አንድ ቀን ግን ከፍኖተ ሰላም የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ለአጎቴ የሰጠውን፣ ሽፋኑ የወለቀ የወንጀል ልብ ወለድ በእጄ ይዤ ስገባ፣ «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነገሩን ብነግራቸው፣ «እስቲ አንብበው» አሉ። ታሪኩ በአዲስ አበባ በቤቱ ውስጥ ተገድሎ ስለ ተገኘ አንድ ሀብታም ነጋዴ ነበር። ጥቂት ምዕራፍ እንደ ሄድን የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ያ የነጋዴው ጸሓፊ ሟቹ በስንት ሰዓት ቤቱ እንደ ገባ ማንም ሳይጠይቀው ስለ ምን ተናገረ?»

«የኔታ፣ እሱ እኮ ደግ ሰው ነው፤ ለቀብሩ ወጪ ያደረገው እሱ ነው።»

«ደግነቱን ማን አየው? የነገረን ራሱ አይደለም ወይ? በል ወደ ኋላ መልሰህ አንብበው።»

መልሼ አነበብሁት፤ እንዳሉትም ስለ ጸሓፊው ደግነት በመጽሐፉ ውስጥ የተናገረ ከጸሓፊው በቀር ማንም አልነበረም። የንባብን ጥበብ በዚያች ቀን የተማርሁትን ያህል በየትኛውም ጉባኤ አልተማርሁም፤ ማን እንደ ተናገረ፣ ለማን እንደ ተናገረ፣ ስለ ምንስ እንደ ተናገረ መጠየቅን የኔታ ከቅኔው ቤት አምጥተው በወንጀል ልብ ወለድ ላይ ሥራ ላይ አዋሉት። መጽሐፉን እየጨረስን ሳለን ግን የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ተቀድደው የሌሉ ሆነው ተገኙ። ወሬው በሰፈሩ ተሰማና በእሑድ ቡና ላይ ነገሩ ለጐረቤቱ ሁሉ ቀረበ፤ እኔ ከመጀመሪያው አንሥቼ ተረክሁ፣ ጐረቤታችን እማሆይ የሟቹን ወጥ ቤት ጠረጠሩ፣ አጎቴ የሟቹን ወንድም ያዘ፣ የኔታም በጸሓፊው ጸኑ፤ ማስረጃቸውንም አንድ በአንድ እያነሡ ሲያስረዱ እማሆይ ሳይቀሩ ተረቱ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን አገኘሁት። እንደ ደራሲው ፍጻሜ ገዳዩ ቀድሞ ስሙ ያልተነሣ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ብቅ ያለ ከሩቅ የመጣ ዘራፊ ነው። አንብቤ ስጨርስ የተሰማኝ ቅሬታ ዛሬም አለቀቀኝም። የወንጀል ታሪክ ደራሲ ለአንባቢው ያለበት ዕዳ ይህ ነው፤ በደለኛውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በመካከላችን ያስቀምጠው፣ አብሮን እንጀራ ይቍረስ፣ ከለቅሶተኛው ጋር ያልቅስ። ከውጭ የመጣ ዘራፊ በጐን የተሣለ ሰው ነው፤ ማንንም አያስደነግጥም፤ ጐረቤታችንንም ራሳችንንም እንድንመረምር አያደርገንም። የኔታ የፈረዱት ፍርድ ደራሲው ከጻፈው ይበልጥ የመጽሐፉ ፍጻሜ ሊሆን የሚገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው የአገራችንን ወንጀል ነክ ድርሰት በመናቅ አይደለም። ይልማ ሀብተየስ ለአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ቀዳሚ መንገድ ከጠረጉት ደራስያን አንዱ ነው፤ እርሱን ሳያነሡ ስለዚህ ዘርፍ መናገር አይቻልም። የማሞ ውድነህም ውለታ ብዙ ነው፤ እንደ «የካይሮ ጆሮ ጠቢ» ያሉት የስለላ መጻሕፍቱ በቡሬ መናኸሪያ፣ በፍኖተ ሰላም ሻይ ቤት፣ በገጠር መምህራን መኖሪያ ያልገቡበት ቦታ አልነበረም፤ የእርሱ አማርኛ ፈጣንና ንጹሕ ስለ ነበረ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለየ ገበሬ እንኳ ሳይደናቀፍ ያነብበው ነበር። ከፖሊስ ጣቢያ እየተዋስን እናነበው የነበረው «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣም የራሱ ጥቅም ነበረው፤ እንደ ልብ ወለዱ ያላጌጠ ቢሆንም፣ ወንጀል ከድንበር ግፊያ፣ ከውርስ ክርክርና ከጠላ ቤት ቂም እንደሚነሣ ያሳየን ነበር። ብዙዎቹ ልብ ወለዶች ያጡት ይህንን ነው፤ መርማሪያቸው የለንደን መርማሪ ነበር፣ ኮቱም ፒፓውም ከትርጕም የተወሰደ።

እኛ ዘንድ ግን ወንጀለኛን የማውጣት የራሳችን ሥርዓት ነበረን። በቀድሞው ዘመን ሌብነት ወይም ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ የአገሩ ሰው በአዋጅ ተጠርቶ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበውም በደለኛው እስኪገለጥ ድረስ ወደ ቤቱ ሳይመለስ፣ እርሻው እየጠበቀው፣ ከብቱ እየጮኸ ይቈያል፤ ካልተገኘም ካሣውን በጋራ ይከፍላል። ይህም አውጫጭኝ፣ ወይም አፈርሳታ ይባላል። ለልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ መድረክ ከየት ይገኛል? ወንጀለኛው በመካከል ተቀምጧል፤ እንደ ሌላው ሁሉ ይራባል፤ እንደ ሌላው ሁሉ፣ «ማነው ይህን ያደረገብን?» እያለ ይማረራል፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዘመዱን በማዳንና አገሩን በማሳረፍ መካከል ኅሊናው ተከፍሎ ዝም ይላል። ይህን ሀብት ያስተዋለው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ነው፤ «አፈርሳታ» የተባለውን ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1960ዎቹ መባቻ ለዓለም አበረከተ፤ የአንድ ድሃ ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል፣ የአገሩም ሰው ይሰበሰባል። ፍጻሜውን ላላነበበው ሰው መንገር ነውር ነው። ነገር ግን ይኸው ሣህለ ሥላሴ የቪክቶር ሁጎን መጽሐፍ «መከረኞቹ» ብሎ በዚያ ባማረ አማርኛ ያስነበበን ደራሲ ስለ ሆነ፣ አፈርሳታውንም በአማርኛ ጽፎልን ቢሆን ኖሮ የወንጀል ልብ ወለዳችን ሌላ መንገድ ይይዝ ነበር እያልሁ እቈጫለሁ።

በዓሉ ግርማን ከወንጀል ደራስያን ጋር መቍጠር የማይወዱ ሰዎች አሉ። እኔ ግን «ኦሮማይ»ን ያነበብሁት በአንድ ሌሊት፣ እንደ ስለላ ታሪክ፣ ልቤ እየመታ ነው፤ ይህንንም ማለት መጽሐፉን ማሳነስ አይመስለኝም። በደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በአሥመራ ጸጋዬ ኃይለ ማርያምና ፊያሜታ በሚመላለሱበት በዚያ ታሪክ ውስጥ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን በጐን ብቻ የተሣለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ የመጽሐፉም ኃይል የመጽሐፉም አደጋ ይኸው ነበር። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቈይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ያልተፈቱ ወንጀሎች ሁሉ የከበደው በማንኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ በዚህ ደራሲ ላይ የደረሰው ነው።

ዘፈን በካሴት የደረሰን በዚሁ ዘመን ነው። ቴፕ ያለው ሰው ድንጋዩን በፀሐይ፣ የቴፑን ራስ ደግሞ በአረቄ በነከረው ጥጥ እየጠረገ፣ አንዱን ካሴት ክሩ እስኪሳሳ ድረስ ያዘፍነዋል። ስለ ጥላሁን ገሠሠ ሰው ሁሉ የሚለውን እኔም እላለሁ፤ ቃሉን አንድ ፊደል ሳይውጥ ስለሚያወጣው፣ የደከመ ቴፕ እንኳ ግጥሙን አያጠፋበትም ነበር። ልቤ ግን ወደ ሙሉቀን መለሰ ያደላል። ይህንንም የምለው በጎጃም ስለ ተወለደ ብቻ አይደለም፤ ከዳህላክ ባንድ ጋር በሠራቸው ዘፈኖቹ ውስጥ ነሐሱ ሲጮኽ እርሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ነሐሱ ሲያርፍ እርሱ ይነሣል፤ በዳይና ተበዳይም በአንድ ጉሮሮ ይነጋገራሉ። የፍቅር ዘፈናችን አብዛኛው ክስ ነው፤ ከሳሹ ይጮኻል፣ ተከሳሿ አትሰማም። ሙሉቀን ሲዘፍን ግን ጥፋቱ ከራሱም ሊሆን እንደሚችል በድምፁ መሰበር ውስጥ ይታወቃል። ዓለማዊውን ዘፈን በወጣትነቱ ትቶ ወደ መንፈሳዊው ሲሄድ ብዙዎች አዘኑ፤ እኔም አዝኛለሁ፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ማረፉን ስሰማ ግን የተሰማኝ ኀዘን ከዚያኛው የተለየ፣ አንድ የቅርብ ዘመድ የተለየኝ ያህል ነበር።

ስለ ቴሌቪዥን የምለው አጭር ነው። አገራችን ቴሌቪዥን ያየችው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኔ ያየሁት ከዚያ ብዙ ዘግይቼ በፍኖተ ሰላም ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያየሁትም አባባ ተስፋዬን ነበር፣ ያም ለልጅ መልካም ዕድል ነው። ከተከታታይ ድራማዎቹ «ገመና» የቤተ ሰብን ምሥጢር ወደ አደባባይ ለማውጣት ደፍሯል። «ሰው ለሰው» ደግሞ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ሰጥቶናል፤ አበበ ያንን ሀብታም ወንጀለኛ በእርጋታ፣ ድምፁን ሳያነሣ ስለ ተጫወተው፣ ሰው በየሻይ ቤቱ ቈሞ እየጠላውም እየናፈቀውም ይከታተለው ነበር። ባለ ሁለት ዓይን ወንጀለኛ በቴሌቪዥናችን ካየሁ እርሱን ነው። ከዚያ ወዲህ የሚታዩት ድራማዎች ግን ክፉውን ሰው በመነጽሩና በመኪናው እያስታወቁ፣ ገና በሩን ሲከፍት አስፈሪ ሙዚቃ እያሰሙ ወደ ጐኑ ሥዕል ተመልሰዋል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. አካባቢ «ጀምበር» የተባለው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በኮሚክስ መጽሐፍ ሲወጣ ደስታዬ እውነተኛ ነበር፤ ለወጣቶቹ ሠዓልያን የምለምነው ጠላቱን ጀግናውን በሣሉበት ትጋት እንዲሥሉት ነው።

ለአንባቢም አንድ ልመና አለኝ። በፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በየገጠሩ ባሉት ቤቶች ሣጥን ውስጥ የእነዚያ ዘመናት የወንጀል ልብ ወለዶች፣ የ«ፖሊስና እርምጃው» ቅጂዎችና ካሴቶች ዛሬም አሉ፤ ብዙዎቹም ዳግመኛ አልታተሙም። እባካችሁ ለሱቅ መጠቅለያ አትስጧቸው፣ እሳትም አታቀጣጥሉባቸው፤ ለቅርብ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም አዲስ አበባ ለሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለወመዘክር አስረክቧቸው።